ማሳውን የበላች መኪና

ሰማራንግ ከተማ ውስጥ ከዓሣ ገበያው ጀርባ መኪናውን የሚያቆም ሰው ሁሉ ፓክ ቱኪራንን ያውቀዋል፤ ብዙዎቹም አይወዱትም። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ "ና፣ ና፣ ወደ ቀኝ፣ በቃ!" ማለት ነው ሥራው። ይህን ብቻ ቢያደርግ ማን ይጠላው ነበር? እሱ ግን ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ መኪና ካየ አያስችለውም። ጠጋ ብሎ መስታወት ያንኳኳል።

"ጌታዬ፣ መኪናዎ ዘይት እየበላች ነው።"

"ማን ጠየቀህ?"

"ማንም አልጠየቀኝም። ግን ዛሬውኑ ያስመርምሯት። ነገ አይበሉ።"

"አንተ ፊሽካህን ንፋ! መካኒክ ነኝ ብለህ ነው?"

ሰውዬው በሩን በኃይል ዘግቶ ይሄዳል። ቱኪራንም ፊሽካውን ነፍቶ ወደሚቀጥለው መኪና ይዞራል። እኔ ማዶ ላይ ሙዝ እየጠበስኩ ስለምሸጥ ይህን ዘወትር አያለሁ። ሳቅ ሊለኝ ሲል ያ የተራራ መንገድ ትዝ ይለኝና ሳቄ ይጠፋል።

ቡ ዋርሲ እባላለሁ፤ እኛ ዘንድ ቡ ወይዘሮ፣ ፓክ ደግሞ አቶ እንደማለት ነው። ከቱኪራን ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ነው ያረጀነው። ምላሰኛ ናት ይሉኛል፤ አልዋሹም። እሱንም ብዙ ቀን ፊት ለፊት ተናግሬዋለሁ። ያም ሆኖ ክፉ ሰው አይደለም። የገደለው ይሉኝታ ነው።

ቱኪራን ባለ ፊሽካ ከመሆኑ በፊት ባለ መኪና ነበር። እናቱ፣ እማማ እንደማለት ሲምቦክ ሳኒየም የምንላቸው፣ ትንባሆ ከሚበቅልበት ከተራራው አናት፣ ሶኖሳሪ መንደር ነበሩ። ባላቸው ከሞተ በኋላ የቀራቸው ምንጩ አጠገብ ያለው ማሳ ብቻ ነበር። ልጃቸው የሰው መኪና እየነዳ ፀጉሩ ሲሸብት አይተው እሱኑ ሸጡለት። ሲሸጡም የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"መኪናውን ስትገዛ አንድ ቀን አሳፍረኝ" አሉት። "ባሕር አሳየኝ፣ ከተማ አዙረኝ አልልህም። ከታች ከአስፋልቱ እስከ ደጃችን ብታወጣኝ ይበቃኛል። እዚያ ሰፈር ያለው ሰው ሁሉ ይየኝ።"

ቱኪራን ያገለገለች ቫን ገዛ። ቀለሟ አዲስ ነበር፤ ቀለም ደግሞ የሞተርን ድካም ሳይቀር ሁሉን ይሸፍናል። ዓመት ሳይሞላት ዘይት መብላት ጀመረች። በዕድሜዋ ይህ ሊመጣባት አይገባም ነበር። ያን ጊዜ ወስዶ ቢያስከፍታት ነገሩ በቀላሉ ባለቀ፤ እሱ ግን ሞተር ማስከፈት ሥራ መፍታት ነው ብሎ ዘይት እየጨመረላት መንዳት መረጠ። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ሳይነሳ ወጥቶ የማርሚታዋን ጫፍ በጨርቅ ይወለውላል፤ ጥቀርሻውን ሰው እንዳያይበት ነው። እኔ ግን ለሙዜ እሳት የማያይዘው በዚያ ሰዓት ነውና በመስኮት አየዋለሁ።

"ፓክ ቱኪራን፣ ይቺ መኪና አፏን ትታ ቂጧን ነው እንዴ የምታስጠርገው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ንጽሕና ነው ቡ ዋርሲ" አለኝ ቀና ሳይል።

እንዲህ እያለ ሁለት ኢድ አለፈ። በኢድ ከተማው ወና ይሆናል፤ ልጅ የሆነ ሁሉ ወደ ወላጆቹ ይወጣል፣ በበዓሉ ጠዋት ጉልበታቸው ሥር ተደፍቶ የዓመቱን ይቅርታ ይለምናል። ቱኪራን ግን የምታጨስ መኪና ይዞ መውጣት አፍሮ ሁለቱንም ዓመት ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። ሚስቱ ሙርያኒ "በአውቶቡስ እንሂድ" ብትለው "ማሳው የታለ ሲሉኝ ትኬት ላሳያቸው?" ይላት ነበር። በሦስተኛው ረመዳን እናቱ በወንድማቸው ልጅ በኩል መልእክት ላኩ። "ለከርሞ መቆየቴን እንጃ። ዘንድሮ ና" የሚል ነው።

ያኔ ነው የደነገጠው። መኪናዋን ጁሚራን ወደሚባል መካኒክ ወሰዳት፣ ሞተሩ ወረደ፣ ፒስተኑን የሚያጠብቁት ቀለበቶች ሁሉ ተቀየሩ። ሥራው ያለቀው ግን በዓሉ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነበር። ጁሚራን ቁልፉን ሲሰጠው እኔም የልጄን ሞተር ሳይክል ላሠራ እዚያው ነበርኩ።

"አዲሶቹ ቀለበቶች ገና ቦታቸውን አልያዙም" አለው። "ለጊዜው ቀስ ብለህ፣ ሳትጭን፣ ሜዳ ሜዳውን ንዳት። በቆምክ ቁጥር ዘይቷን እይ። መጀመሪያ ላይ ትጠጣለች።"

"ለኢድ ሶኖሳሪ ልወጣባት እችላለሁ?"

ጁሚራን እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። እኛ አገር ሰው ፊት "አይሆንም" ማለት ነውር ነው፤ በጾም ወር ደግሞ የባሰ ነውር ነው። "ቀስ ካልክ... እንግዲህ አላህ ያውቃል" አለው ፈገግ ብሎ። ይህ እኛ ዘንድ አይሆንም ማለት መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ቱኪራንም ያውቀዋል። የሚያውቀውን ትቶ የሰማውን ይዞ ሄደ።

ሳትጭን ተብሎ የለ? መኪናዋ ታደሰች ሲባል ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄድ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ መጣ። የትውልድ መንደሬ ከሶኖሳሪ ወዲያ ነውና እኔም መጣሁ። እሱም በተራው አይሆንም ማለት አልቻለም። ልጆች በሰው ጭን ላይ፣ የብስኩት ቆርቆሮ በልጆች ጭን ላይ፣ ዶሮ ሳይቀር በቅርጫት ገባ። የጎረቤታችን የፓክ ዳርሶኖ መኪና ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ወጣን።

መንገዱ ሽቅብ ከመጀመሩ በፊት ነዳጅ ማደያ ላይ ቆምን። ዳርሶኖ ኮፈኑን ከፍቶ ውኃና ዘይቱን አየ። ከዚያ ወደ ቱኪራን ዞሮ "ና እስቲ ያንተንም ክፈትና አዲሱን ሞተር እንየው!" አለው።

"የታደሰ ሞተር ምኑ ይታያል? አሮጌ ያለው ነው የሚከፍት" አለ ቱኪራን። ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ኮፈኑን ቢከፍት ዘይት መጨመሩ አይቀርም፤ ዘይት ቢጨምር ታደሰ ያለው ሞተር በሰው ሁሉ ፊት ሲጠጣ ሊታይ ነው። ስለዚህ ሳይከፍት ተነሳን። ከመቀመጫው ሥር አንድ ጠርሙስ እየተንከባለለ ተረከዜን ይመታኝ ነበር።

"ይኼ ምንድን ነው እግሬን የፈጀኝ?"

"ማር ነው፤ ለሲምቦክ የያዝኩት። ቀስ ይበሉት" አለኝ።

ሲንዶሮና ሱምቢንግ የሚባሉት ሁለቱ ተራሮች መካከል ስንገባ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ፤ የተቃጠለ ነገርም ሸተተኝ።

"ፓክ ቱኪራን፣ የሚሸት ነገር አለ።"

"ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ነው።"

"የጭነት መኪናው እኮ ታጥፎ ከሄደ ቆየ!"

አንገቱ ላይ የነበረውን ፎጣ አውጥቶ ከመሪው ፊት ጣል ሲያደርገው አየሁ። ላብ የጠረገበትን ሊያሰጣ መስሎኝ ነበር። ቀዩ የዘይት መብራት በርቶበት ኖሮ እሱን መሸፈኑን የነገረኝ በኋላ ነው።

ብዙም አልሄድን። ከእግራችን ሥር እንደ መዶሻ ያለ ነገር መምታት ጀመረ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ከዚያ ሞተሩ ቀጥ አለ። ቱኪራን ዘሎ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ጭሱ ፊቱን ሸፈነው። ተመልሶ መጥቶ ከእግሬ ሥር ያን ማር የተባለ ጠርሙስ አወጣና ያፈስ ጀመር። ጥቁሩ ዘይት የጋለው ብረት ላይ እየፈሰሰ ይንጫጫል። ቁልፉን ቢያዞር፣ ደግሞ ቢያዞር፣ ሞተሩ ተጣብቆ ደርቆ ቀርቷል።

ዳርሶኖ ቀድሞን ርቆ ስለ ሄደ አላፊ መኪኖች ሰዉን አንድ ሁለት እያሉ አነሱት። ወደ እኔ መንደር የሚዘልቅ ስላልተገኘ እኔን የአንዲት መንገድ ዳር ሻይ ቤት ባለቤት አስገባችኝ። ወደ ሶኖሳሪ በሚሄድ መኪና ላይ ለእሱ፣ ለሙርያኒና ለልጆቹ ቦታ ሲለቀቅላቸው ቱኪራን አልነቃነቅም አለ።

"ተነሳ እንጂ! ሲምቦክ የሚጠብቁት አንተን ነው፣ ብረት አይደለም" አለችው ሙርያኒ እያለቀሰች።

"ማሳቸውን ጎዳና ላይ ጥዬ የት ነው የምሄደው?" አለ።

ሙርያኒ ልጆቹን ይዛ ወጣች፤ እሱ ቀረ። እዚያው መኪናዋ ውስጥ ብርድ ሲጠብሰው አደረ። በኢድ ጠዋት መንገድ ዳር ያለችው መስጊድ ውስጥ በዚያው ዘይት በነካው ሸሚዝ ሰገደ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ልጆች እናታቸው ጉልበት ላይ እየተደፉ ሲያለቅሱ እሱ ፊቱን አዙሮ ጎማ ይነካካ ነበር። ከቁጣዬና ከሐዘኔ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

ረፋዱ ላይ አንድ የጎመን መጫኛ መኪና ከላይ ወረደ። በዋዜማው ሌሊት እየዞሩ የመቱት የበዓሉ ከበሮ ከኋላው ገና አልወረደም ነበር። ነጂው ያ መልእክቱን ያመጣው የሲምቦክ የወንድም ልጅ ነው። ከጎኑ ማን እንደተቀመጠ ሳይ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሲምቦክ ሳኒየም አዲስ ሻሽ አስረው፣ አዲስ ነጠላ ጫማ አድርገው ቁጭ ብለዋል።

ገና ከመኪናው ሲወርዱ ቱኪራን አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ደፋ። ይቅር በሉኝ የሚለው ቃል እንኳ በወጉ አልወጣለትም።

"ማሳዎን በላሁት ሲምቦክ... ማሳዎን በላሁት።"

"ተው ተነስ፣ መንገድ ላይ ነን" አሉት ራሱን እየዳሰሱ። "ከስተሃል። ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

አዛውንቷ መኪናዋን ዞረው አዩ። ጎኗን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፤ ገበያ ላይ በሬ እንደሚፈትሽ ሰው። ከዚያ "በል ክፈትልኝ" አሉ።

"ሲምቦክ፣ ሞተሩ እኮ..."

"ክፈት አልኩህ!"

ከፈተላቸው። ሲምቦክ ሳኒየም ሊገቡ ሲሉ ነጠላ ጫማቸውን አስፋልቱ ላይ አወለቁ፤ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚያወልቀው። ቱኪራን ጫማውን አንስቶ ጭኑ ላይ አድርጎ መሪው ኋላ ተቀመጠ። የወንድማቸው ልጅ መኪኖቹን በወፍራም ገመድ አገናኘ። እኔንም ሶኖሳሪ ድረስ ይዤዎት ልውጣ ብሎ ከኋላ መቀመጫ አስገባኝ።

የጎመን መኪናው ከፊታችን እያጓራ፣ ጥቁር ጭሱን እየተፋ ይጎትተን ጀመር። የእኛይቱ ድምፅ የላትም፤ ጎማዋ ብቻ ጠጠሩ ላይ ይንኮሻኮሻል። መንደሩ ስንደርስ ሰዉ የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ደጅ ወጥቶ ያያል። አንዳንዱ ጎረምሳ ገመዱን እያሳየ ሊስቅ ቃጣው። ሲምቦክ ሳኒየም ግን መስታወቱን አስወርደው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ግራና ቀኙን እንደ ሙሽራ እያዩ እጅ ይነሱ ነበር። ቱኪራን ዓይኑን ከገመዱ አንስቶ ሰዉን ማየት አልቻለም። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ደጃቸው ልንደርስ ስንል ክንዱን ያዝ አደረጉት።

"ልጄ፣ እንዴት ያለች ጸጥተኛ መኪና ናት!" አሉት። "ሞተሯ እንኳ አይሰማም።"

የትንባሆ ለቀማ ሳይደርስ ሲምቦክ ሳኒየም አረፉ። መኪናዋ ከዚያች ደጅ አልተነሳችም፤ በሯም መቀመጫዋም እየተፈታ አለቀ። ቱኪራን ሰማራንግ ተመልሶ ፊሽካ አንጠለጠለ፤ መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም።

በቀደም ገበያው ጭር ሲል ሙዝ ልሰጠው ጠራሁትና እስከ ዛሬ በልቤ የያዝኩትን ጠየቅሁት።

"ፓክ ቱኪራን፣ ያኔ ሲምቦክ የምር መስሏቸው ነው? መኪናዋ በራሷ የምትሄድ መስሏቸው ነው?"

ሙዙን ተቀበለኝና እፍ እፍ አለበት።

"ሲምቦክ እኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጎመን መኪና ነው ገበያ የወረዱት። አቀበቱ ላይ ሞተሩ ሲደክም ከነጂው በፊት ነው የሚሰሙት። ይህ ይጠፋቸዋል ብለው ነው፣ ቡ ዋርሲ?"

ከዚያ አንድ መኪና ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ሙዙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ መስታወቱን ሊያንኳኳ ሄደ።