ጥላ ጭኖ የተሽቀዳደመው ልደቱ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም መጥታችሁ «ሹፌሩ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሕፃን ሳይቀር እየሳቀ ያሳያችኋል። ልደቱ ግን ሹፌር አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ወንበር ሲያስገባና ሲያስወጣ የሸበተ ሰው ነው። ሚስቱ አምለሰት ዳቦ ጋግራ ትሸጣለች፤ አሮጌዋ ዲኤክስ መኪናም የእሷ ናት። ልደቱ ጠዋት ጠዋት ዳቦውን ጉርድ ሾላ ላሉ ሱቆች አድርሶ ቢሮው ይገባ ነበር። ሥራው ይኸው ነው፣ ዳቦ ማድረስ! እሱ ግን ዳቦ መጫኑን ማን ይንገረው?

በስልኩ የድሮ የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ያያል። ያንን ጥቁርና ነጩን፣ ሰዎቹ የቆዳ ቆብና መነጽር አድርገው አቧራ የሚቅሙበትን። ከእነሱ መካከል አንዱን መርጦ ወደደ።

«ይኼ ሰውዬ ቁርጥ እኔን!» አላት አምለሰትን።

«ስንት ጊዜ ተወዳደረ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተወው። መኪና መሸጫ ከፈተ አሉ።»

«አየህ፣ ሰውዬው ልብ ገዝቷል። አንተስ መቼ ነው የምትገዛው?»

ልደቱ የገዛው የበያጅ መነጽር ነው። በውስጡ ምንም ስለማይታይ ግንባሩ ላይ ሰቅሎት ይነዳል። ኩርባ ባየ ቁጥር ፍሬን መርገጥ ውርደት ይመስለዋል። ዳቦውም ጉርድ ሾላ የሚደርሰው ተጨፍልቆ ሆነ። «አምለሰት፣ ቂጣ ከጀመርሽ ቂጣ ነው በይን» አሏት ደንበኞቿ። ሁለት ሱቆችማ ጭራሽ ተዉዋት። ቁልፉን ብትጠይቀው፣ አንገትህን ስጠኝ ያለችው ይመስል አኮረፈ።

የመጀመሪያ ውድድሩ ሜዳ ላይ ነበር፤ የሰፈር መኪና አፍቃሪዎች ያዘጋጁት። ጀግናችን የእጅ ፍሬን ሳይለቅ ተነሣ። ዲኤክሷ ጮኸች፣ ጨሰች፣ ቆመች። ሰው ለጭሱ አጨበጨበ፤ ልደቱ ለእሱ መስሎት እጅ ነሣ። እኔ ብሆን ሰፈር እቀይር ነበር!

ቀጥሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ውድድር አለ ሲባል፣ አምለሰት ቆርጣ የንስሐ አባታቸውን አባ ወልደ ሐዋርያትን ጠራች። ልደቱ እሳቸው ፊት ማለ። «ካላሸነፍኩ ቁልፉን ትውሰድ። መሪ የሚባል ነገር ዳግመኛ አልነካም!» በዚያው ትንፋሽ፣ ካሸነፈ ለእንጦጦ ማርያም ጥላ ሊያገባ ተሳለ።

«መልካም» አሉ አባ። «ስታሸንፍ ታገባለህ።»

«ማሸነፌማ መቼ ቀረ አባ! አሁኑኑ ገዝቼ መኪናው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ጫፍ ስደርስ በዚያው አስገባዋለሁ፤ ምልልስ ምን ያደርጋል?»

«ልጄ፣ ስለት ቀብድ የለውም።»

ሰማቸው? የት ይሰማል! ቅዳሜ ጠዋት ባለ ወርቅ ዘርፉን ቀይ የከፋይ ጥላ ከኋላ ወንበር እስከ ማርሹ ድረስ አጋድሞ ከች አለ። መኪኖቹን ተራ በተራ የሚለቀው ኢዶሳ በመስኮት አጎንብሶ አየ።

«ጋሽ ልደቱ፣ ሰርግ አለ እንዴ?»

«ስመለስ ታየዋለህ!»

«ኧረ ዝናብም የለ!»

ልደቱ ተፈተለከ። አንድ ነገር አልክድም፣ እስከ መጨረሻው ኩርባ ድረስ ደህና ሄዷል። ኩርባው ላይ እንደ ልማዱ ፍሬን ሳይረግጥ ታጠፈ። የጥላው ማሰሪያ ተበጠሰ። የዲኤክሷ መስኮት አንዴ ከወረደ አይወጣም፤ ነፋሱ ገብቶ ጥላውን ቧ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ልደቱ የሚያየው ከፋይ ብቻ ሆነ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩርባ ላይ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ቀስ ብላ ቦይ ውስጥ ገባችና ባሕር ዛፍ ተደግፋ ቆመች። የጥላው እኩሌታ በመስኮት ወጥቶ ዘርፉ ይወዛወዛል።

በዚያው ሰዓት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ከፊት ያለችው ዘቢደር ጥላውን ስታይ ሸክሟን ጣል አደረገችና፦

«ታቦት! ታቦት ነው! እልልልል!»

ሁሉም ሸክማቸውን ጣሉ፣ መንገዱ መካከል ተደፉ፣ እልልታው ጋራውን ሞላው። ከኋላ የመጣው ተወዳዳሪ ይኼን ሲያይ ምን ያድርግ? ቆመ፣ ወርዶ ቆቡን አወለቀና ተሳለመ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። እላይ ያሉት ዳኞች ቢጠብቁ ቢጠብቁ የሚመጣ መኪና የለም!

ልደቱ ዘርፉ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ ከመኪናው ወጣ።

«ኧረ ታቦት አይደለም! እኔ ነኝ!»

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አለች ዘቢደር።

«ተወዳዳሪ ነኝ።»

«ጥላውስ የማነው?»

«የ... የእመቤታችን።»

«ታዲያ ምን አጋደመው? ቀጥ አድርገህ ያዘው እንጂ፣ አንተ ባለጌ!»

እላይ ሲጠብቁ የነበሩት አምለሰትና አባ እልልታውን ሰምተው ወረዱ። ዳኞቹም ውድድሩ ተሰርዟል ብለው ነበር። ልደቱ ይኼን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«አልተሸነፍኩም! አባ፣ ምስክር ይሁኑኝ፤ ማንም አላሸነፈም!»

«የማልከው "ካልተሸነፍኩ" ብለህ ነው ወይስ "ካላሸነፍኩ"?» አለች አምለሰት። «አሸንፈሃል?»

ልደቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አስተካከለ።

«ቁልፉን።»

ልደቱ አባን አየ። አባ ጥላውን አዩ። ልደቱ ቁልፉን እጇ ላይ አስቀመጠና ጥላውን ማጠፍ ጀመረ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ አባ።

«ካላሸነፍኩማ ስለቱም የለ። ለሻጩ ልመልሰው።»

«እልል የተባለለትን ጥላ? ዘርጋው!»

ወጣቶቹ ተወዳዳሪዎች ዲኤክሷን ገፍተው ከቦዩ አወጡላት፤ አምለሰት አስነሥታ በእርጋታ ቁልቁል ሄደች። የአሜሪካዊው ግልባጭ ግን የበያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ፣ ጥላውን ዘርግቶ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ አጅበውት፣ የቀረችውን ዳገት በእግሩ ወጣት።

ዛሬ ጉርድ ሾላ ዳቦው ሳይጨፈለቅ ይደርሳል፤ የሄዱት ሁለት ሱቆችም ተመልሰዋል። ልደቱን ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ታገኙታላችሁ። አምለሰት ስታልፍ ክላክስ ታደርግለታለች፤ እሱ አላየም። ከጎኑ ለቆመው ሰው የእሽቅድምድም ዘመኑን እየተረከ ነው። የየካ አባዶ ሰልፍ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ማለቂያ የለውም። የልደቱ ዘመን ግን ሦስት ሰው ሳይሳፈር ያልቃል።