ለቤቴ በር የተቆረጠው ዋንዛ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ያረፈበት ዓመት ሲሞላ ተዝካር ተደገሰለት። ከምሳ በኋላ አንዱ የልጅ ልጁ ተነሥቶ ስለ አያቱ ሙያ ተናገረ። ቡራዩ በነበረው ጋራዥ ውስጥ በምስጥ ያለቀች አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ መኪና እንዴት እንዳዳነ፣ ለአካሏ የሚሆነውን እንጨት ከእንግሊዝ አገር በመርከብ እንዳስመጣ ዘረዘረ። ሰዎች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሰው ለነፍሱ በሚጸለይለት ቤት ክርክር አያምርም።

እንጨቱ ግን በመርከብ አልመጣም። ከሱሉልታ፣ ከአባቴ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ወርዶ ነው የመጣው። የእኔም ነበር። የሞተን ሰው መውቀስ ነውር ነው ይሉኛል። በሕይወት ሳለ መውቀሱም ነውር ነበር። ታዲያ መቼ ነው የሚነገረው?

አባቴ ገብስ የሚያርስ፣ ድርቆሽ የሚሸጥ ሰው ነበር። እኔ ስታጭ ወደ ሙገር ሲወርዱ ካለው ከእናቴ ዘመዶች አገር አንድ ዋንዛ አስቆረጠ። የእኛ ደጋ ላይ ዋንዛ አይበቅልም። ሳንቃዎቹን በአጋሰስ ያንን ሁሉ ዳገት አስወጥቶ ቆጥ ላይ ደረደራቸው። ዋንዛ ብዙ ዓመት ጭስ ካልጠገበ አይታመንም ይል ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «የራስሽ ቤት ሲኖርሽ ይህ በር ይሆንሻል። ወደ ሰው ቤት የሚገባው አንኳኩቶ ነው።»

አግብቼ ቡራዩ ስገባ ቤት ተብሎ የተሰጠኝ ከጋራዡ ጀርባ የተለጠፈች የጭቃ ክፍል ነበረች። በሯ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ የበርሜል ቆርቆሮ ነው፤ በሽቦ ታስሮ ይንጠለጠላል። ከውስጥ የሚያዝበት ነገር የለውም። ጋራዡ የባለቤቴና የታላቅ ወንድሙ ሲሆን ሁለቱም ሥራውን የለመዱት ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ከቀረ አንድ ጣሊያን ዘንድ ነው። ባለቤቴ የሞተር ሰው ነበር፣ ወንድሙ የቦዲና የአናጢነት። እኔ የመኪና ወንበር እሰፋ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ከነበረ ኮርቻ ሰፊ ቆዳ መስፋት ተምሬያለሁና ለፈረስ የሰፋ እጅ ለመኪናም አላነሰም። ጋራዡን ሰው ሁሉ «የወንድማማቾቹ» ይለዋል። ወንበሩን ማን እንደሚሰፋ የጠየቀ አልነበረም።

የባለቤቴን ወንድም ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ልጆች ከወለድኩም በኋላ ሙሽሪት ይለኝ ነበር። ቆርቆሮውን በክርኑ ገፋ ያደርግና ይገባል። የድስቱን ክዳን ያነሣል፤ ያማረውን ይቀምሳል፤ የፈለገውን ዕቃ አንሥቶ ይወጣል። ደንበኞችም እሱን እያዩ ውሃ ለመጠጣት ዘው ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ልብሴን ስለውጥ ገባ።

«ሙሽሪት፣ ካቻቢቴዬን አይተሻል?» አለኝ። ዐይኑን እንኳ አልመለሰም።

ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልጽፍም። ማታ ለባለቤቴ «ዋንዛውን እናምጣ፤ በሩ ይሠራ» አልኩት። «ሥራ ሲቀዘቅዝ» አለ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንድሙ ፊት ሲቆም ግን አጥንት አልነበረውም። ሥራው ደግሞ አልቀዘቀዘም፤ መኪናዋ መጣች።

መኪናዋ ከሰበታ በካምዮን ተጭና የመጣች ባለ ሁለት ወንበር ናት። ጣሊያን ሲወጣ የገባ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ጥሏት ሄዶ በአንድ ጎተራ ውስጥ ዓመታት ተቀምጣለች። የገዛት አንድ የመኳንንት ልጅ ነው፤ እንግሊዝ አገር ተምሮ የተመለሰ። ከላይ ስትታይ ላሜራዋ ደህና ነው። ባለቤቴ በሩን ሲከፍት ግን በሩ እጁ ላይ ቀረ፤ ከውስጡም እንደ ዱቄት ያለ ነገር ፈሰሰ። ለካ እንግሊዞች ይህችን ዓይነት መኪና ሲሠሩ ብረቱ ሻንሲ ላይ የእንጨት አጽም ያቆማሉ፤ ላሜራው በእንጨቱ ላይ የሚለብስ ቆዳ ነው። አጽሙን ምስጥ ጨርሶታል።

«እግዜር ያሳያችሁ፣ መኪና በምስጥ ተበላ!» እያሉ ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ጎጆ ነው እንጂ መኪና ነው እንዴ? ክዳኑን ሣር እናድርግለት?»

ሥራው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቁልፎቻችን ሁሉ ከጣሊያኑ የቀሩ፣ በሚሊሜትር የተለኩ ናቸው። የእንግሊዝ ብሎን ደግሞ በኢንች ነው። ጋሼ የማይሆነውን ቁልፍ እያስገባ ሲታገል የስንቱን ብሎን ጭንቅላት በላ። ባለቤቴ በበኩሉ ከአሮጌ ቁልፍ እየሞረደ ለእያንዳንዱ ልክ አበጀ። ሞተሩን አውርዶ አጠበ፤ ሁለቱን ካርቡራቶሮች እኩል እስኪተነፍሱ ድረስ ቀጭን የጎማ ቱቦ ጆሮው ላይ ደቅኖ እያዳመጠ አስተካከለ። እኔም አሮጌውን የወንበር ቆዳ ፈትቼ በእሱ ልክ አዲስ ቆረጥኩ። በሮቹን፣ ጎኖቹን፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ በቆዳ የማለብሰው እኔ ስለሆንኩ አጽሟን እንደ ራሴ እጅ አውቀው ነበር። መኪናዋ ታምር ነበር፤ ይህን አልክድም። ማማሯ ነው የጎዳኝ።

የመጀመሪያውን አጽም ጋሼ የሠራው በባሕር ዛፍ ነው። በአካባቢያችን ከባሕር ዛፍ ሌላ ምን አለ? ቤቱም፣ አጥሩም፣ ማገዶውም እሱ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው ጫካ እርጥቡን አስቆርጦ፣ ልጦ፣ ጠርቦ አቆመው፤ ላሜራውን መታበት። ላዩ ሲታይ ቀጥ ያለ ነበር። የመኳንንቱ ልጅ ወሰዳት፤ በጋው ገባ፤ እንጨቱ ሲደርቅ ተጣመመ። በእንጦጦ ዳገት መታጠፊያ ላይ የጎኑ በር በራሱ ተበርግዶ አጠገቡ የነበረችው ወይዘሮ ልትወድቅ ስትል በቀሚሷ ነው የያዛት። በማግስቱ መጣ።

«ሰውዬ፣ የሠራህልኝ በር ነው ወይስ መጋረጃ?» አለው ጋሼን።

«ጌታዬ፣ እንጨቱ...»

«እንጨቱን ተወው። ለፋሲካ አምቦ እሄድባታለሁ። በሩ ካልተዘጋ የጋራዥህ በር እንደሚዘጋ እወቅ።»

ሁለቱ ወንድማማቾች ያን ቀን ምሳ አልበሉም። የደረቀ እንጨት ፍለጋ ጋሼ አዲስ አበባን አሰሰ፤ የሚሸጠው ሁሉ ወይ እርጥብ ነው ወይ አጭር። ከዚያ ሲንሾካሾኩ አየሁ፤ እኔ ስመጣ ወደየሥራቸው ዞሩ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ የጋራዡን ፒካፕ አስነሥቶ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ አልነገረኝም። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ በጭስ የጠቆሩትን ሳንቃዎች ከሩቅ ለየኋቸው። የአባቴን ቆጥ ሽታ ይዘው መጡ። በሩ መጣልኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። ሌላ ምን ላስብ? ሮጬ ገብቼ ደጃፉ ላይ የነበረውን ሰሐንና ባልዲ አነሣሁ፤ ለአናጢው ቦታ ይሁን ብዬ ደጁን ጠረግሁ። መጥረጊያውን እንደያዝኩ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የመጣው ከጋራዡ ውስጥ ነው።

ስደርስ ጋሼ የመጀመሪያውን ሳንቃ ቆልምሞ እየቆረጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ የቤቴ በር ነው» አልኩት።

መጋዙን አላቆመም። «ሙሽሪት፣ ቆርቆሮሽ መቼ አረጀ?»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ካርቡራቶር አጥብቆ ይጠርግ ነበር፤ የጸዳውን ካርቡራቶር። «ለጊዜው ነው» አለ። «ከፋሲካ በኋላ ሌላ እናመጣለን።»

ከፋሲካ በኋላ ሌላ አልመጣም። ስንት ፋሲካ እንዳለፈ አልቆጠርኩም። መኪናዋ ግን አምራ ወጣች። ዋንዛው አልተጣመመም፤ በሮቿ ሲዘጉ ግጥም የሚል፣ ልብ የሚሞላ ድምፅ ነበራቸው። ጋሼ ለእንግዳ ሁሉ በሩን እየከፈተ እየዘጋ ያሰማ ነበር። እኔ ቆርቆሮዬ ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ።

በዚያው ዓመት ለመስቀል ሰሞን አባቴ ሊጠይቀን መጣ። መኪናዋ ለዘይት ቅያሪ ገብታ ግቢው ውስጥ ቆማለች። አባቴ ከቤቴ ደጃፍ ሲደርስ ቆመና ቆርቆሮውን ተመለከተ።

«ኢንተላ ኮ፣ በሩስ?» አለኝ። «ባልሽ "እሷ ልካኝ ነው፤ በሩ ሊሠራላት ነው" ብሎኝ አይደል እንዴ የወሰደው? መርቄ ነው የሰጠሁት።»

እንዲህ ብሎ እንደወሰደው ያወቅሁት ያኔ ነው። ባለቤቴ መሬት መሬት አየ። መልስ የሰጠው ጋሼ ነው፤ እየሳቀ።

«አባባ፣ በርዎት እንግሊዝ ሆነ! ይኸው፣ ከመኳንንት ጋር ይውላል።»

አባቴ አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ መኪናዋ ሄደ፤ የጎኑን በር በጣቱ አንጓ አንኳኳ፤ ከፈተው፤ መልሶ ዘጋው።

«ደህና አድርጎ ይዘጋል» አለ።

ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ተመልሶ፣ ቆርቆሮውን፣ አንኳኳ። ግባ እስክለው ጠበቀ። በዚያ በር አንኳኩቶ የገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሌላ መስቀል አልደገመም፤ በቀጣዩ ክረምት አረፈ።

ዓመታት አለፉ። ወታደሩ በተነሣበትና መኳንንቱ በሚለቀሙበት ዓመት፣ በጋው ላይ፣ መኪናዋ ተሰብራ መጣች። የመኳንንቱ ልጅ ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ሲወርድ ገልብጧት ኖሯል። እሱ ተርፏል፤ ላሜራዋ ተጨማዷል፤ ሞተሯ ተሰንጥቋል። ሥራው ሳይጀመር ክረምቱ ገባና ባለቤቷ ተይዞ ታሰረ። ጠያቂ ጠፋ።

ጋሼ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ በሠራተኞቹ ፊት እጁን ኮፈኗ ላይ ጣል አድርጎ «እንግዲህ ባለቤት የላትም፤ የእኔ ናት» አለ። «አድሳታለሁ፤ እነዳታለሁም።»

አጠገባቸው ተቀምጬ እየሰፋሁ ነበር። ቀና ሳልል «መኪናዋ ባለቤት ባይኖራት እንጨቱ አለው» አልኩ።

ሳቁ ግቢውን ሞላው። «ሙሽሪት አሁንም በሩ ላይ ናት! እንግዲያው ፈትተሽ ውሰጂው! ማን ከለከለሽ?» ሠራተኞቹም አብረው ሳቁ። ባለቤቴም ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ አልረሳውም።

በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ሰበታ ሠርግ ሄዱ። እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም። የሰፋሁትን ቆዳ በራሴ ቢላ ተረተርኩት፤ ባለቤቴ የሞረዳቸውን ቁልፎች አምጥቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። የትኛው የት እንዳለ ለእኔ የሚያሳየኝ አያስፈልግም። ላሜራው እንደተገፈፈ ቆዳ መሬት ላይ ተኛ። እንጨቱን ሁሉ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ደረደርኩት።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንዱንም ምስጥ አልነካውም፤ እንደ ቆጡ ዘመን ጤነኛ ነው። ግን ሁሉም የተቆለመመ፣ የተቦረቦረ፣ አጫጭር ነው። ብገጣጥመው ብገጣጥመው በር አይወጣውም። እዚያው ቁጭ አልኩ። የተወሰደ ነገር ሲመለስ የተወሰደው ሆኖ አይመለስም፤ ይህን ያህል እንኳ ሳላውቅ ነው ስንት ዓመት የጠበቅሁት።

ቀጥ ያሉ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ከበሮቹ ሥር በሻንሲው ግራና ቀኝ የተኙት። አንዱን በመጋዝ ከሁለት ከፍዬ፣ እንደ መንጠቆ ቦርቡሬ፣ ቆርቆሮው በሚያርፍባቸው ሁለት ምሰሶዎች ላይ በራሷ በመኪናዋ ብሎኖች አሰርኳቸው። ሁለተኛው መቀርቀሪያ ሆነ። ቆርቆሮውን ገጠምኩ፤ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ጣልኩት። ገፋሁት። አልተነቃነቀም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፒካፑ ግቢ ገባ። መጀመሪያ እርምጃቸው መኪናዋ ዘንድ ቆመ፤ ላሜራውን አይተዋል። ቀጥሎ የጋሼ እርምጃ ሲመጣ ሰማሁት። እንደ ልማዱ በክርኑ ገፋ። ቆርቆሮው ጮኸ እንጂ አልተከፈተም።

«ምንድነው ይሄ? አንቺ! ማን ፈቀደልሽ?»

«አንተ» አልኩት። ጋሼን ተውኩት፤ አንተ ብቻ። «በሰው ፊት።»

በትከሻው መታው። ዋንዛው ቻለው። ከኋላው ባለቤቴ በዝግታ «ክፈቺ እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አለ።

«መግባት የፈለገ ያንኳኳል» አልኩ።

የጋሼ ጫማ ጠጠሩን እየረገጠ ወደ ጋራዡ ሲመለስ ሰማሁ። በሕይወቱ ዘመን ዳግመኛ ያንን ቤት አልረገጠም። መኪናዋንም አላደሳትም፤ እንጨቷን ከእንግሊዝ የሚያስመጣበት መርከብ እስካሁን አልደረሰም።

ባለቤቴ ደጁ ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ በጣቱ አንጓ፣ ቆርቆሮውን ላለማስጮህ እየሳሳ፣ አንኳኳ።

መልስ ለመስጠት አልቸኮልኩም።