ኮሶዬ ለቅሶ የሄድሁ ዕለት

ሥራው አልከበደኝም። ይህን የምለው "ነርስነት ልብ ይፈልጋል" እያሉ ለሚመክሩኝ ሁሉ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቼ ጎንደር ላይ ጣሊያን ትቶት በሄደው የሆስፒታል ሕንፃ ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ፣ ቁስል ሳጥብ፣ መርፌ ስቀቅል፣ ቀን ሙሉ ስቆም ሳቃስት ማንም አልሰማኝም። ያቃተኝ ሌላ ነው። ሰው ሲሞት ዓይኑን እከድናለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ በዚያው አልጋ ሌላ ሰው አስተኛለሁ። አለቃችን ሲስተር ገና በመጀመሪያው ቀን "ነርስ አታለቅስም" ብለውን ነበር። አላለቀስሁም። እንቅልፌ ግን ጠፋ፤ እህል አልዋጥ አለኝ። ኋላማ ሕመምተኛ አጠገቤ ሲጮህ ምንም አይሰማኝ ጀመር። እሱ ነው ያስፈራኝ። እንዲህ ሆኜ ከምሠራ ብተወው ይሻላል አልሁ።

ከኮሶዬ የመጣች አንዲት ወላድ በትኩሳት ስትሞት ሲስተር ዘንድ ገባሁ።

"ነገ ለቅሶዋ እሄዳለሁ።"

"ዘመድሽ ናት?"

"አይደለችም። ገላዋን ሳጥብ የከረምሁት ግን እኔ ነኝ።"

"እንዲህማ ከሆነ ለሞተ ሁሉ ስትዞሪ ልትኖሪ ነው! ሥራ የለሽም?"

"አለኝ። እሱን ለመሥራት ነው የምሄደው።"

"ከሄድሽ እዚህ ክፍል እንዳትመለሺ።"

በጭነት ማኪና፣ በገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድሁ። የኮሶዬ ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል። ከዳሱ ሳልደርስ የሟቿ አጎት ነጩን የሥራ ጫማዬን አይተው ለዩኝ።

"ምነው? ገድላችሁ ስታበቁ ልታለቅሱም መጣችሁ?"

"አያ፣ ገድያት ቢሆን በዚህ ብርድ ምን ያመጣኝ ነበር?"

የሟቿ እናት ከመደቡ ላይ ሆነው፣ "ተዋት! ልጄ መጨረሻ ውሃ የጠጣችው በሷ እጅ ነው። ነይ እናቴ፣ እዚህ ተቀመጪ" አሉ።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የከረመብኝ ሁሉ ገነፈለ። ለሷ ብቻ አይደለም፣ ዓይናቸውን ለከደንኋቸው ሁሉ አለቀስሁ። የተቆጡኝ አጎት ራሳቸው መጥተው "በቃሽ ልጄ፣ አንቺም ልትከተያት ነው እንዴ?" እስኪሉኝ ድረስ። ያን ማታ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ሲስተር የክፍሉን በር ዘግተው ቆሙ።

"በባልደረቦችሽ ፊት ይቅርታ ጠይቂና ግቢ።"

"አልጠይቅም።"

"እንግዲያው ልብስ ማጠቢያ ውረጂ።"

"እወርዳለሁ። ለቅሶ ሲኖር ግን ከዚያም እሄዳለሁ።"

"ምን ዓይነት ደረቅ ናት!" ሲሉ ሰማሁ፤ ደረጃውን መውረድ ጀምሬ ነበር።

እጄን ሳሙና እየፈጀው ሳጥብ ዋልሁ። ከሰዓት በኋላ አንዷ ባልደረባዬ፣ ሲስተር ሲስሉ እንኳ የምትደነግጠዋ፣ የቆሸሸ ልብስ ተሸክማ መጣች።

"ያ ከድብ ባሕር መጥቶ የተኛው ገበሬ ረፋድ ላይ ዐረፈ። ነገ ስትሄጂ ጥሪኝ።"

"ያባርሩሻል እኮ።"

"ያባርሩኛ! ማን ሊሠራላቸው?"