አንገቴን የሚያዳምጠው መሣሪያ

መጀመሪያ የወደቀው መወርወሪያው ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ከሽመና ቤቴ ተቀምጬ ጋቢ ስሠራ ቀኝ እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆነብኝ። ጣቶቼን አዛቸዋለሁ፣ አይሰሙም። ወዲያው በግራ ዓይኔ ላይ ጥላ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰና ሥራዬን ቀጠልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሕመምም ቢሆን ለማን እንደሚነገር ይታሰብበት ነበር።

በሳምንቱ ምሳ ስንበላ እንጀራው ከእጄ ሲወድቅ ባለቤቴ ብዙነሽ አየችኝና ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ጤና ረዳቱ ግፊቴን ለካ። ማዳመጫውን አንገቴ ላይ አድርጎ ግራውን ሁለት ጊዜ አዳመጠና ወረቀት ሳበ።

"ሆስፒታል ልጽፍልዎት ነው። የአንገት ደም ሥር የሚያይ አልትራሳውንድ የሚባል መሣሪያ መጥቷል" አለኝ።

ለነጻ ሕክምና የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ጸሐፊው አሽጎ ሰጠኝ። ለምን ታሸገ? ምን ተጻፈበት? መንገዱን ሙሉ ፖስታውን ወደ ፀሐይ እያነሳሁ ሳየው ሄድኩ።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ከየትኛው ሶሻሊስት አገር እንደመጣ አልነገሩኝም። የምታስተረጉመው ነርስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ከእኔ በፊት የገቡት ሽማግሌ ሲመረመሩ መሣሪያው "ሽው፣ ሽው" እያለ ሲጮህ ከበር ላይ ሰምቼዋለሁ። ሰው ሳይናገር የሚያዳምጥ ደግሞ መጣ አልኩ በልቤ።

"ጋሼ፣ ማተብዎን ይፍቱልኝ" አለችኝ ነርሷ።

ይኸው፣ የፈራሁት ደረሰ። በቀበሌው የውይይት ክበብ ስለ ሃይማኖት ሲሉን የከረሙትን አውቃለሁ። የክርስትና ክሬን ብፈታ ከሃዲ ልሆን፣ አልፈታም ብል አድኃሪ ተብዬ ልጻፍ ነው። "ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ" ብዬ ወጣሁ። አልተመለስኩም። ለብዙነሽ "ደህና ነህ አሉኝ" ብዬ ዋሸኋት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ወደቅሁ። ቀኝ እጄ የለም። ቀኝ እግሬ የለም። ብዙነሽ ስሜን ትጠራለች። እሰማለሁ። መልሱ አፌ ውስጥ ነው። አይወጣም።

ጎረቤቶች ተሸክመው ሆስፒታል፣ እዚያው የሸሸሁበት ክፍል አስገቡኝ። ነርሷ አወቀችኝ። መናገር ስላልቻልኩ በግራ እጄ ማተቤን ጨብጬ ያዝኩ። እጄን አየችው።

"እሺ ጋሼ፣ አይፈታም። እኔ እይዝልዎታለሁ" አለች።

ክሩን በሁለት ጣቷ ወደ አገጬ ሰብሰብ አድርጋ ያዘችልኝ፤ ምርመራው እስኪያልቅ አለቀቀችውም። ቀዝቃዛ ቅባት ቀቡኝ። በቀኝ በኩል ድምፁ የረጋ ነው። ግራው ላይ ሲደርስ ቀጠነና ጮኸ።

"ካሮቲድ ይባላል፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ነው" ብላ ተረጎመችልኝ። "ግራው በጣም ጠቧል፣ ግን አልተዘጋም። ከዚያ የተነሳ የረጋ ደም ነው አንጎልዎን የመታው።"

ሐኪሙ ሌላም ነገር ጨመረ። እሱን አልተረጎመችልኝም። ያኔ ይህንንም ጠርጥሬያለሁ፤ አሁን ሳስበው ግን "ያን ቀን ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ" ያለ ይመስለኛል።

ንግግሬ በሁለት ወር ውስጥ አንድ አንድ ቃል እያለ ተመለሰ፤ አስፕሪንና የግፊት ክኒን በየቀኑ እየዋጥኩ፣ ሲጋራዬን እያማረርኩም ቢሆን ጥዬ፣ ጠዋት ጠዋት በብዙነሽ ትከሻ ተደግፌ የእንጦጦን ዳገት በየቀኑ ጥቂት እርምጃ እየጨመርኩ፣ ማታ ደግሞ በደነዘዘው እጄ ክር እየጠቀለልኩ ቆየሁ። እግሬ ዳነ። ሁለት ጣቶቼ ግን እስከ ዛሬ አይታዘዙኝም፤ የቀሚስ ጥበብ መሥራት ቀረብኝ። ሌላው ሳይጠረጥር ሲመነጠር እኔ ጠርጥሬ ተመነጠርኩ።

እጃችሁ ደንዝዞ ቢመለስ፣ ዓይናችሁ ጨልሞ ቢበራ፣ "ለቀቀኝ" አትበሉ። በዚያው ቀን ሂዱ። የሚያስፈራችሁን ነገር ለሐኪሙ ንገሩት እንጂ ይዛችሁት አትውጡ። ለሚስታችሁም አትዋሹ።

ድኜ ነርሷን ላመሰግናት ስሄድ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውራለች አሉኝ። "ማን ብዬ ደብዳቤ ልጻፍላት?" ልል ፈለግሁ፤ አልደፈርኩም። በዚያ ሁሉ ጊዜም አንድ ቀን ስሟን ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ስም የሚጠይቅ ሰው ይፈራ ነበርና።