ወንድሜን ከድሬዳዋ በመኪና

ጠዋት፣ ቃሊቲ መናኸሪያ

የምሄደው ወንድሜን ላመጣ ነው። ሚኪያስ ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ጫኝ ነው። ትናንት የአውሮፕላን ዕቃ ክፍል ውስጥ ሻንጣ ሲደረድር በሩ ተዘጋበት፤ ድሬዳዋ ላይ ሲከፈት በብርድ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። በአውሮፕላን እንመልስህ ቢሉት በጄ አላለም። «እትዬ፣ ነይልኝ» ብሎ ደወለ።

ከአቃቂ እስክንወጣ የከባድ መኪናው ሰልፍ አሳረረን። አዳማ ላይ መኪና ቀየርኩ። መተሐራ ስንደርስ ሐይቁ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ፎቶ አነሳ ነበር።

ድሬዳዋ

ሚኪያስ የሆቴል ክፍሉን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ተቀምጧል። አቅፌው አለቀስኩ፤ ከዚያ ተቆጣሁት። ፉል በዳቦ እየበላን ጠየቅኩት።

«በር ሲዘጋ ስም አይጠሩም እንዴ?»

«ይጠራሉ። ሁሴን መለሰልኝ።»

ሁሴን የሥራ ጓደኛው ነው። እሱ ለሶላት ዞር ሲል ሚኪያስ «አለ!» ይልለታል፤ ሚኪያስ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ደግሞ ሁሴን። ትናንትም ሻይ ሊጠጣ የሄደ መስሎት መለሰለት።

ወዲያው አለቃቸው ደወለ። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው በል፤ በማስጠንቀቂያ ትታለፋለህ። አለበለዚያ ስለ ሥራህ አላውቅም።»

ሚኪያስ «እደውላለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ እንዲል ፈልጌ ነበር። ሁለት ልጆች አሉት።

በማግስቱ፣ አዋሽ

ፍርፍር በልተን አውቶቡሱ ላይ ወጣን። ረዳቱ «ሁሉም ገባ?» ሲል «ገብቷል፣ ንዳው!» ብለን ጮኽን። እኔም ጮኼያለሁ። ሚኪያስ ብድግ አለ።

«ማን አየ?»

«ወንድሜ፣ ቁጭ በል፤ ሙቀቱ ገደለን» አለው ረዳቱ።

አልሰማውም። ወንበር በወንበር እያየ እስከ ኋላ ሄደ። «እዚህ የነበሩት እናትስ?»

«ከፊት የተቀመጡ መስሎኝ...» አለ ከባዶው ቦታ አጠገብ ያለው ሰው።

መንቀሳቀስ የጀመረው መኪና ቆመ። ሴትዮዋ ከምግብ ቤቱ ጓሮ ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡ። «ልትጥሉኝ ነበር እንዴ፣ ልጆቼ?» አሉ። ሁላችንም አፈርን።

ሚኪያስ ቦታው ተመልሶ ለአለቃው ደወለ። «ጋሼ፣ አልተኛሁም። እየሠራሁ ነው የተዘጋብኝ። ነገ መጥቼ ይህንኑ እናገራለሁ።»

በጣም ፈራሁ። ግን እጁን ያዝኩት።

ማምሻውን፣ ቃሊቲ

ሁሴን መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። ሚኪያስ ሄዶ አቀፈው።

«ነገ አብረን ቢሮ እንገባለን። አንተ የመለስክልኝን ትናገራለህ፣ እኔም ስመልስልህ የኖርኩትን።»

«ቢያባርሩንስ?»

«ያባርሩን። የሚቀጥለው ሰው እንደ እኔ በሕይወት ላይወርድ ይችላል።»

ሁሴን ሻንጣዬን ተቀበለኝና ወደ ኮዬ ፈጬ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከዚህ መንገድ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ አዋሽ ላይ «ገብቷል» ብዬ ስጮኽ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም ነበር። ወንድሜ ሥራው ይቅርበት አይቅርበት አላውቅም። ተኝቼ ነበር ብሎ እንዲተርፍ ግን ከእንግዲህ አልፈልግም። ነገ ሦስት ሆነን እንሄዳለን።