ሐምሌን በማጠቢያ ቤት

ቲራ የተወለደችው በሐምሌ ነው፤ ስለዚህ የተወለደችው ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ዮ ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ለምን ብሎ አይጠይቅም። በዚያ አገር በጋው ሐምሌ ነው፤ በቬተርን ሐይቅ ዳር ቤት ያለው ሁሉ፣ በጋ ሲመጣ ቤቱን ጠራርጎ ለእንግዶች ያከራይና ልጆቹን ሰብስቦ ጓሮ ይገባል። አንዱ ማገዶ ቤት፣ አንዱ ጣሪያ ሥር፣ የቲራ ወላጆች ደግሞ ማጠቢያ ቤት። እንግዶቹ ከጎተንበርግ በባቡር ይመጣሉ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሐይቁን ያያሉ፣ በእንፋሎት መርከብ ወደ ቪሲንግሴ ደሴትና ወደ ግሬና ይሻገራሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ እስከ ቫድስቴና ዘልቀው የጥንቱን ገዳም ጎብኝተው ይመለሳሉ። በነሐሴ አጋማሽ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ ሲሄዱ ባለቤቱ ወደ ቤቱ ይገባል። ያኔ ሐይቁ ግራጫ ለብሷል፣ ነፋሱም ጀምሯል።

ቤቱን የሠራው የቲራ አባት ነበር፤ አናጢ ነው። ፎቁ ላይ፣ በስተምሥራቅ በኩል፣ ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል አወጣለት፤ አልጋው ላይ ጋደም ያለ ሰው አንገቱን ሳያቀና ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር እንዲያይ ብሎ። እሱ ራሱ በሐምሌ አንድም ቀን አልተኛበትም። ልጁም አልተኛችበትም። የክረምቱን በረዶ ከዚያ መስኮት አይታለች፤ የበጋው ውሃ ግን የተከራዮች ነው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት እንዲህ ነው።

ያገባችው ያልማርን ነው። ያልማር ጎብኚዎቹን በምታመላልሰው መርከብ ላይ እሳት አንዳጅ ነበር። ከላይ ወይዛዝርቱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው "ሲጠራ ውሃው፣ ታች ድረስ ድንጋዩ ይታያል" ሲባባሉ፣ እሱ ከእግራቸው ሥር አካፋውን ይዞ የድንጋይ ከሰል ይጨምራል። ሰው "ሐይቁ ዛሬ እንዴት ነው?" ካለው "እኔ እንጃ፣ ይሞቃል" ይላል። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ የሚገባው ወደ ማጠቢያ ቤት ነው። የማጠቢያ ቤቱ መስኮት አንድ ናት፤ የምታሳየውም የጎረቤታቸውን የኤልናን የማገዶ ክምር ነው።

በዚያ የመጨረሻ በጋ ያልማር ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ከሰሉ ሳንባው ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎታል። ሐኪሙ ቲራን በር ላይ ጠርቶ፣ የድንች ቁፋሮውን አያየውም ብሏታል። ቤቱን ደግሞ እንደ ልማዱ የሴደርብላድ ቤተሰብ ይዞታል፤ በጎተንበርግ የጅምላ ነጋዴ የሆነ ሰው ሚስትና ሁለት ሴት ልጆቻቸው። ልጆቹ በእቅፍ ሳሉ ጀምሮ የሚመጡ ናቸው፤ ቤቱንም "ቤታችን" ነው የሚሉት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ያልማር ጠራት።

"ቲራ፣ ያቺ የላይኛዋ ክፍል ሰው አለባት?"

"በሐምሌ ሰው የሌለበት ክፍል የት ታውቃለህ?"

"አይ፣ እንዲያው ነው።" ትንሽ ሳለና ቀጠለ፤ "አልጋዋ አሁንም መስኮቱ ሥር ናት?"

"እዚያው ናት።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ሐይቁ ላይ ስመላለስ ኖሬ፣ ሳላየው ብሄድ አያሳፍርም? በወዲያኛው ዓለም ቬተርን ምን ይመስላል ቢሉኝ ምን እላለሁ? ይሞቃል ልበላቸው?"

"ልጠይቃቸው?"

"ተይ፣ ሰው አታስቸግሪ። የከፈሉበት ነው።"

ተይ ቢላትም ዓይኑ ጠይቂ ይላል። ይህን ለማወቅ ሚስት መሆንም አያስፈልግም። ቲራ ወጥታ ልብስ ስታሰጣ ኤልና ከአጥሩ ወዲያ ማዶ አየቻትና ነገሩን አውጣጣቻት።

"ቤቱ የማን ነው?" አለቻት ኤልና።

"የኔ ነዋ።"

"እንግዲያስ?"

"እስከ ነሐሴ አጋማሽ የነሱ ነው።"

"ያልማርስ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እጠብቃለሁ ብሎሻል?"

ቲራ ንጹሕ ሽርጥ አደረገችና ወደ በረንዳው ሄደች። በራሷ ደረጃ ሥር ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። ወይዘሮ ሴደርብላድ እንጆሪ በወተት እየበሉ ነበር።

"ነይ ቲራዬ፣ ነይ ውጪ። ያልማር እንዴት ዋለ? በጓሮ ስናልፍ እኮ ሲያስል እንሰማዋለን፣ ልጆቹ አንጀታቸው ይንሰፈሰፋል።"

"ደኅና ነው፤ ትንሽ ሳል ነው። ወይዘሮ ሴደርብላድ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ብዬ..."

"አውቄዋለሁ፣ ስለ ጭሱ ነው አይደል?" አሉና እጇን ያዙ። "በፍጹም አትሳቀቂ። ጠዋት እሳት ስታነዱ ጭሱ እዚህ ድረስ ይመጣል፣ ግን አንድም ቀን አንስተነው እናውቃለን? እኛ እኮ ዘመድ ነን።"

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ዮ ውስጥ ደጃዝማችነት የለም፤ ሊቀር የሚችለው የአንድ ሰው አልጋ ነበር። ቲራ ግን ይሉኝታ አንቆ ያሳደጋት ሴት ናት። አፏን ስትከፍት የወጣው፣ "ለቅዳሜ ያጨስኩት ዓሣ አለ፣ ላምጣልዎ ብዬ ነው" የሚል ሆነ።

"አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?" አሉ ወይዘሮዋ።

ለያልማር፣ "ሰው አለባት" አለችው። "አላልኩሽም?" አላት፣ እሷን ለማጽናናት ብሎ ፈገግ እያለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሳት ማንደድ ተወች። ማጠቢያ ቤት ያለ እሳት በሐምሌም ይበርዳል፤ ያልማር ካፖርቱን ለብሶ ይተኛ ጀመር። ሐሙስ ጠዋት መርከቧ ለመነሳት ስትጮህ ጆሮውን ቀና አደረገ፣ ጩኸቷ ሲያልቅ እሱም አልቆ ነበር።

ከቀትር በፊት ወይዘሮ ሴደርብላድ አበባ ይዘው መጡ። አበባው ከቲራ አጥር ሥር የተቀጠፈ ነው። እያለቀሱ ነበር፤ ልቅሷቸውም የእውነት ነው።

"አሁን ኤልና ነገረችኝ። ቲራዬ፣ ምን ነካሽ? አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ያቺን ክፍል እኮ ዘንድሮ ማንም አልተኛባትም። ጠዋት ፀሐይዋ ልጆቹን ትቀሰቅሳቸዋለች፣ ስለዚህ አልጋው ላይ የደረደርነው ሻንጣዎቻችንን ነው።"

ቲራ አበባውን አልተቀበለችም። ሰዎቹ ክፉ ቢሆኑ ይሻላት ነበር፤ ክፉ ሰው ይረገማል፣ ረግመውትም ንዴቱ ትንሽ ይወጣል። እነዚህ ግን ብትጠይቃቸው ይሰጡ ነበር። ይህን ማወቋ ከሞቱ እኩል አንገበገባት።

"ሲያስል ትሰሙት ነበር" አለች። "ሳሉ ቃል አልነበረም?"

ወይዘሮዋ አበባውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

"ሻንጣዎቻችሁን አውርዱ" አለች ቲራ።

"አሁን?"

"አሁን።" ወይዘሮም፣ እባክዎም አላለችም። በዚያ ግቢ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

ከመርከቧ አራት ሰዎች መጥተው ያልማርን በጠባቡ ደረጃ ወደ ላይኛዋ ክፍል አወጡት። ሴደርብላዶች ሳይመሽ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ሆቴል ተዛወሩ፤ ሲወጡ ሁሉንም ተራ በተራ ጨበጡ፣ ቲራም እጇን ሰጠቻቸው። ጎረቤቱ ሐዘን ላለበት ቤት እንደ ወጉ በሩ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ በተነ። ኤልና አብሬሽ ልደር ብትላት እንቢ አለች።

ሲነጋ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ወጣች። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በራ፤ ክፍሉ ውስጥ እስከ ጣሪያው ድረስ የውሃ ብርሃን ተርገበገበ። ቲራ በሐምሌ ከገዛ ቤቷ መስኮት ሐይቁን ስታይ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ያምር ነበር፤ በማማሩም ጠላችው።

ተነስታ የያልማርን ትራስ ከፍ አደረገችና ፊቱን ወደ መስኮቱ አቀናችው። ዓይኖቹ ግን ተከድነዋል። የከደነቻቸው ራሷ ናት፣ ታች ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከኤልና የማገዶ ክምር ትይዩ።