ክኒኔን ጥያለሁ ብዬ ነበር

ወገኖቼ፣ ጌታ ይመስገን። ልመሰክር ነው የቆምኩት፤ ግን ጉልበቴም ልቤም ደክሟል፣ ታገሡኝ።

አምና እዚሁ ቆሜ ያልኳችሁን ታስታውሳላችሁ። የደም ግፊት ይዞኝ ለዓመታት ክኒን ስውጥ ኖርኩ። ኋላ ጠዋት ጠዋት ተልባ በጥብጬ መጠጣት፣ ነጭ ሽንኩርት መብላት ጀመርኩ። ጸለይኩም። ራስ ምታቱ ተወኝ። «ጌታ በተልባ ፈወሰኝ፣ ክኒኔን ጥያለሁ» አልኳችሁ። አጨበጨባችሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከፈውሱ ይልቅ ጭብጨባው ደስ አለኝ።

ከጎበሳ የመጣችው እህታችን ወርቅነሽ ያን ቀን እዚህ ነበረች። እሷም ግፊት አለባት። እኔን ሰምታ ቤቷ ገባችና ክኒኗን ጣለች። ከወራት በኋላ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት።

ስሰማ ፈራሁና ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ግፊቴን ለካች፣ ደግማ ለካች።

«እማማ፣ ክኒኑስ?»

«ትቼዋለሁ። ተልባ እጠጣለሁ።»

«ተልባውን አይተዉት። ገብሱም፣ ባቄላውም፣ ጎመኑም ለልብና ለደም ሥር ይበጃሉ፤ መጥፎውን ስብ ከደም ይቀንሳሉ። ግን ክኒኑን ያግዛሉ እንጂ አይተኩም።»

«ራሴን አያመኝም እኮ።»

«ግፊት ሳያምም ነው የሚጥለው። ሌላስ ምን ይበላሉ?»

«ጩኮ» አልኳት፣ የገብስ ነው ብዬ ኮርቼ።

ሳቀች። «ገብሱ የጠገነውን ቅቤው ያፈርሰዋል። ምን ያህል ቅቤ ነው የሚያሹበት?»

ምን ልበላት? አርሲ ላይ ለሰው ቅቤ መቆጠብ ነውር ነው፤ እኔ ደግሞ ለራሴም አልቆጥብም።

ከዚያ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ወርቅነሽ ሄድኩ። ቅቤ የሌለው በሶ ይዤላት ነበር። ገልጣ አየችው።

«ቅቤውስ? ሰሰትሽብኝ?» አለች፣ አፏ ወደ አንድ ጎን እየሄደባት።

አለቀስኩ። «የጣልኩሽ እኔ ነኝ።»

«ሐኪም ሳልጠይቅ የተውኩት እኔ ነኝ።»

«እኩል አይደለም፤ እኔ በማይክ ነው የተናገርኩት።»

«እንግዲያ በማይክ መልሺው። ማይክ እንደሆነ አትጠዪም።»

ይኸው መለስኩት። ጌታ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ተልባውን የፈጠረ አምላክ ሐኪሟንም ፈጥሯል፤ የአንዱን ሥራ ለሌላው መስጠት ግፍ ነው። አሁን ክኒኔንም እውጣለሁ፣ ተልባዬንም እጠጣለሁ፤ ግፊቴ ወርዷል፣ ስሙ ይባረክ። ወርቅነሽም በከዘራ መራመድ ጀምራለች፤ ያቻትና በሩ አጠገብ። ስሙ ይባረክ።

ወገኖቼ፣ በጌታ ታመኑ፤ እርሱ አያሳፍርም። አምና አጨብጭባችሁልኛል፤ ዛሬ አታጨብጭቡ። እኔን ሰምቶ ክኒኑን የጣለ ካለ እጁን ያንሳ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት አብሬው እሄዳለሁ።